ፕሮሰሰሩን እንቀይረው ወይስ እንቻለው?

አሮጌ ዴስክቶፕ ይዘን የምንኖር ሰዎች ትዕግሥተኞች ነን፤ ትዕግሥትም ግን ያልቃል። በየሰፈሩ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት የተቀመጠችው፣ የሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ የሚከፍትባት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀናበርባት፣ ቤት ውስጥም ልጆች ለትምህርት ቤት ሥራ የሚሻሙባት ማሽን ከሞላ ጎደል አንድ ናት፦ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግላ የመጣች፣ ሦስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ስትሸጥ “አዲስ በላት” ተብሎላት ነበር። ዛሬ ማብሪያዋን ተጭነን፣ ቡና አፍልተን፣ ጠጥተን ስንመለስ ገና ክቧን እያሽከረከረች ትጠብቀናለች። ወርድ ሲከፈት ብሮውዘሩ ይንገታገታል፤ ብሮውዘሩ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ነገር ስታክ ያደርጋል። የምትገርመው ሥራ ሲበዛባት ብቻ አይደለም፤ ባዶ ፎልደር ለመክፈትም ታስባለች።

ያኔ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ ፕሮሰሰሩን ብንቀይረውስ?

ስትሰማ ቀላል ትመስላለች፤ አንዱ ይወጣል፣ የተሻለው ይገባል፣ አለቀ። እስኪ ግን ሰው መሐል ጮክ ብላችሁ ጠይቋት። የእህት ልጅ “ጋሼ፣ ይሄን ይጣሉትና ላፕቶፕ ይግዙ” ይላል፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። የሥራ ባልደረባ “ቫይረስ ነው” ይላል፤ ጥርሱን ቢያመውም ቫይረስ ነው የሚል ሰው ነው። ጠጋኙ “ወንድሜ፣ ፎርማት ላድርግልህ” ይላል፤ የእሱ መድኃኒት ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ፎርማት የተደረገውም ማሽን ለሁለት ሳምንት ሰው መስሎ ከርሞ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ሻጩ “አለቃ፣ አይ7 ላስገባልህ” ይላል። አራቱም እርግጠኞች ናቸው። “ለመሆኑ በማሽኑ ምን ትሠራበታለህ?” ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም።

ከአራቱ ሁሉ አድካሚው የሻጩ ምክር ነው። “አይ7 ነው” ይልና እዚያው ላይ ያቆማል። የትኛው አይ7? ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን ኮር አይ7ዎች ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢሙን መላጨት ጀምሯል፤ ማሽኑ ግን አሁንም “አይ7” ተብሎ ይጠራል። ልዩነቱን የሚናገረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 3770 ከሆነ ሦስተኛ ጀነሬሽን ነው፤ 12100 ከሆነ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ እንደ 870 ያለ ባለ ሦስት አኃዝ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ኮር አይ7-3770 እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ አለው። ኮር አይ3-12100 በ2022 ወጣ፤ እሱም 4 ኮር፣ 8 ትሬድ አለው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በስም አይ7ቱ ይበልጣል፤ በሥራ ግን አይ3 የተባለው አይ7 የተባለውን በእጥፍ ገደማ ይቀድመዋል። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። እናንተ ብትነግሩት ደግሞ “ፍሬንዴ፣ አይ7 አይ7 ነው” ይላችኋል።

በጊጋኸርትዝ ላወዳድር ያለም አይድንም። ፔንቲየም 4 እ.ኤ.አ. በ2004 3.8 ጊጋኸርትዝ ደርሶ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣው ኮር አይ5-3470 መነሻው 3.2 ነው። በቁጥሩ ከሄድን ያ የጥንቱ ሊበልጥ ነው። ሁለቱን የተጠቀመ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ፔንቲየሙ አንድ ኮር ብቻ ያለው፣ በአንድ ምት የሚሠራውም ሥራ ጥቂት የሆነ ዕቃ ነው። ይሁንና ማስታወቂያው ሁሉ “3.2 ጊጋ፣ አይ7፣ ንጹሕ” ብሎ ያልፋል። “ንጹሕ” የሚለው አቧራው መነፋቱን ነው።

እሺ፣ ቁጥር ማንበቡን ተማርን እንበል። ቀጥሎ የሚገጥመን መቀመጫው ነው። ፕሮሰሰር የትም ማዘርቦርድ ላይ አይቀመጥም። ኢንቴል ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጀነሬሽን ኤልጂኤ 1155 የተባለውን መቀመጫ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለአራተኛው 1150 አመጣ። በ2015 ለስድስተኛው 1151፣ በ2020 ለአሥረኛው 1200፣ በ2021 ለአሥራ ሁለተኛው 1700፣ በ2024 ደግሞ 1851። ቁጥሩ መቀመጫው ላይ ያሉት የግንኙነት ነጥቦች ብዛት ነው፤ ለእኛ ግን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ ማዘርቦርድህን ጣል።

ይባስ ብሎ ቁጥሩ አንድ ሆኖም የማይሠራበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 የወጣው ስምንተኛው ጀነሬሽን እንደ ስድስተኛውና እንደ ሰባተኛው ኤልጂኤ 1151 ነው። ገጥሞ ይቀመጣል። ነገር ግን የቀድሞዎቹ የ100 እና የ200 ተከታታይ ቦርዶች አያስነሡትም፤ የ300 ተከታታይ ቦርድ ይፈልጋል። ነጥቡን ቆጥሮ የገዛ ሰው ምን ይበል? ኤኤምዲ በበኩሉ ኤኤም4 የተባለውን መቀመጫ ይዞ ለዓመታት ቆየ፤ በ2017 ራይዘን ሲጀምር የተሸጡ ብዙ ቦርዶች ባዮሳቸው ከታደሰ በ2020ዎቹ የወጡትን ፕሮሰሰሮችም ይቀበላሉ። መቻሉን እንግዲህ ጎረቤት አሳይቷል። በእኛ ጠረጴዛ ሥር ያለው ግን ኤልጂኤ 1155 ነው።

ስለዚህ የምንመርጠው እዚያው መቀመጫ ላይ ካሉት ነው። አይ5-3470 ላለው ሰው ትልቁ ተስፋ አይ7-3770 ነው። ሁለቱም 4 ኮር ናቸው፤ ሁለቱም 77 ዋት ናቸው፤ የድሮው ፋን ይበቃል፣ ይህ እንኳ ደግ ነው። ፍጥነቱ ሲጣደፍ ከ3.6 ወደ 3.9 ጊጋኸርትዝ ከፍ ይላል፤ ትሬዱ ከ4 ወደ 8 ይሆናል። ቪዲዮ ሬንደር ለሚያደርግ፣ ትልቅ ፋይል ለሚያጭቅ ሰው ሩብ ያህል ጊዜ ቢያድንለት ነው። በፓወር ግዕዝ ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ በኤክሴል ደመወዝ ለሚሠራ፣ ኢሜይል ለሚከፍት ሰው ግን ልዩነቱን ለማየት መነጽር ያስፈልጋል።

ዋጋውስ? አሥር ዓመት ያለፈው ዕቃ እየረከሰ መሄድ ነበረበት። የእኛ ገበያ ግን በዕቃው ዕድሜ ሳይሆን በዶላር ነው የሚቆጥረው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ዕቃ “በድሮ ዋጋ የገባ ነው” ተብሎ አይሸጥም፤ ከዓመታት በፊት ገብቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው ፕሮሰሰር ሳይቀር በዛሬው ዶላር ይተመናል። ዋስትናውም “እዚሁ ሞክረው” ነው። በሩ ከተወጣ በኋላ መተዋወቅ የለም።

ሌላም አለ። ፕሮሰሰር በቀላሉ አይሞትም፤ የሚሞተው ማዘርቦርዱ ነው። ካፓሲተሩ ያብጣል፣ መቀመጫው ውስጥ ያሉት ፀጉር የሚያህሉ ፒኖች ይታጠፋሉ። ስለዚህ የድሮ ፕሮሰሰር እንደ ልብ ሲገኝ፣ እሱን የሚሸከም ደኅና ቦርድ ግን ይጠፋል፤ ሲገኝም ከፕሮሰሰሩ ይወደዳል። በኢንቴል ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። የተጣደፈ እጅ ፕሮሰሰሩን አጋድሞ ሲያስገባ የሚጎዳው የማይገኘው ዕቃ ነው።

ባዮስ የሚባለውን ደግሞ አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡ የ6 ተከታታይ ቦርዶች አብዛኞቹ ሦስተኛውን ጀነሬሽን የሚያውቁት ባዮሳቸው ከታደሰ ብቻ ነው። ማደሱ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ግን መብራት መሄድ የለበትም። በየትኛው ሰፈር? ባዮሱ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ዩፒኤስ አለን እንላለን፤ የአብዛኛው ሰው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሥራው መብራት መሄዱን በጩኸት መንገር ብቻ ነው። አይ7 ለማስገባት ተነሥቶ አይ5ቱንም ያጣ ሰው ይኸው ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ይህን ሁሉ አልፈን ፕሮሰሰሩን ቀየርን እንበል። ማሽኑ በማግሥቱም ክቡን ያሽከረክራል። ለምን ቢሉ፣ ጥፋተኛው መጀመሪያውኑ ፕሮሰሰሩ አልነበረም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኗል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የማንበቢያው ክንድ ቦታው ድረስ እስኪሄድ፣ የተፈለገውም ክፍል ዞሮ እስኪመጣ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ጊዜ 3.2 ጊጋኸርትዝ የሆነው ፕሮሰሰር 32 ሚሊዮን ምት ይመታል፤ ሥራ ፈትቶ፣ ዲስኩን እየጠበቀ። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነበው አንድ ፋይል አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው። ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለውን በሰከንድ መቶ ገደማ ጊዜ ቢያደርስ ነው፤ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ግን በአሥር ሺዎች ያደርሳል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። አንድ ሥራ አሥር ደቂቃ ፈጀ እንበል፤ ስምንቱ ዲስክ መጠበቅ፣ ሁለቱ የፕሮሰሰር ሥራ ቢሆን፣ ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር ገዝተን የምናተርፈው አንድ ደቂቃ ነው። ስምንቱ ደቂቃ ንቅንቅ አይልም። የ4 ጊጋው ራም ነገርም እዚሁ ይገባል፦ ብሮውዘር ብቻውን ይበላዋል፤ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደዚያው ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ያወርዳል፣ እንደገናም ያነሣል። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ፕሮሰሰሩ አሥር በመቶ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ “ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው” ይባላል። ዳውላ ጆሮ የለውምና አይከራከርም።

ፕሮሰሰሩ በእርግጥ የደከመበትም ጊዜ አለ፤ ያም ቢሆን አርጅቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ የደኅንነት ክፍተቶች ይፋ ሆኑ፤ ክፍተቶቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ በሶፍትዌር መድፈን ግድ ሆነ። ማይክሮሶፍት ራሱ ያኔ እንዳስታወቀው፣ በአራተኛው ጀነሬሽንና ከዚያ በፊት ባሉት ላይ መዘግየቱ ለአንዳንዱ ተጠቃሚ የሚታወቅ ነው። የተሸጠልንን ፍጥነት በከፊል መልሰው ወሰዱት ማለት ነው። ገንዘቡን ግን የመለሰ የለም።

አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 11 መጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግለሰብ ተጠቃሚ የተሰጠው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያም የአንድ ዓመት ነው። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው፣ ጥቂት የተለዩት ሲቀሩ፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። ስለዚህ ከአይ5-3470 ወደ አይ7-3770 የተሻገረ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሙቀት ማስተላለፊያውን ቀብቶ፣ መብራት እንዳይሄድ ተስሎ፣ በመጨረሻ ያገኘው ዊንዶውስ 11 የማይፈልገውን ሌላ ፕሮሰሰር ነው።

ግፉን በደንብ ለማየት ሁለት ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አይ7-7700 እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የወጣ ባለ 8 ትሬድ ነው። አይ3-8100 በዚያው ዓመት በጥቅምት የወጣ ባለ 4 ትሬድ ነው። አይ7ቱ ይፈጥናል፤ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ግን አይ3ቱን ነው። አይ7ቱን አውጥቼ አይ3ቱን ላስገባ ቢሉ ደግሞ መቀመጫው፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ፣ አያስነሣውም። ግዴታውን የሚያልፉ ዘዴዎች በየጓዳው አሉ፤ ነገ ማሻሻያ ሲከለከል ግን ማን ይጠየቃል? “ሊኑክስ ጫን” የሚሉም አሉ። መልካም ሰዎች ናቸው፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ በእርግጥ ቀለል ብሎ ይሠራል። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ግን እነሱን ትቶ ወዴት ይሄዳል?

“ትንሽ ጠብቅ፣ ይረክሳል” የሚለው ምክር ደግሞ ከሽፏል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት የዓለምን ሜሞሪ እየጠቀለሉ የራም ዋጋ አሻቅቧል፤ ኤስኤስዲም ተከትሎታል። እነሱ ማሽን እንዲያስብ ይገዛሉ፤ እኛ ማሽናችን ቶሎ እንዲነሣ የምንፈልጋትን ያህል እንኳ አስወደዱብን።

ብሶቱ ይብቃ፤ ፍርዱን እንስጥ። ማሽኗ በምትንቀረፈፍበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ዲስኩ መቶ ላይ ከተሰቀለ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተኩ። ሜሞሪው ከሞላ ራም ጨምሩ፤ ለሦስተኛ ጀነሬሽን የሚሆነው ዲዲአር3 ነው፣ ሁለት እኩል አድርጎ መሰካቱ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ በሥራ ሰዓት ለረጅም ጊዜ መቶ ላይ ከቆየ፣ ሥራችሁም ቪዲዮ ወይም ከባድ ስሌት ከሆነ፣ ቦርዱም ያለ ባዮስ ጣጣ የሚቀበለው ከሆነ፣ ዋጋውም ኪስ የማይጎዳ ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ቀይሩት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አትንኩት። ዊንዶውስ 11 የግድ የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ አሮጌው ላይ አንዲት ብር አትጨምሩ፤ አጠራቅማችሁ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ሙሉ ማሽን ግዙ፣ አሮጌዋ ላይ ቀድማችሁ ኤስኤስዲ ገጥማችሁ ከነበረና አዲሱ ከሳታ ጋር የሚሠራ ከሆነ ነቅላችሁ ውሰዱት፤ የአሮጌዋ ራም ግን ከአዲሱ ጋር አይሄድም።

ለሻጮችም አንድ ልመና አለን። ዋጋውን እንደፈለጋችሁ ጥሩ፤ ለምደነዋል። ዋጋው በተጻፈበት ወረቀት ላይ ግን ከ“አይ7” ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሙሉውን ጻፉልን።